ከጉልበቴ የማይወርድ ቦርሳ፦ ከስኳር ሕመም ጋር ወደ ግሸን የተደረገ የስድስት ቀን ጉዞ

መስከረም 17 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ማታ፣ አዲስ አበባ

የመስቀል ምሳ ተበልቶ እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ አልጋዬን አራግፌ ዕቃዬን በሙሉ ዘረጋሁበት። ነገ ጎሕ ሳይቀድ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወደ ደሴ እንነሣለን፤ እሑድ ግሸን ደብረ ከርቤ እንወጣለን፤ የማርያምን በዓል ሰኞ አክብረን ረቡዕ እንመለሳለን። ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን እወጋለሁ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ጊዜ ተጉዣለሁ፤ ዕቃ መሸከፍን በወጉ የተማርሁት ግን በአንድ ጉዞ ላይ በደረሰብኝ ነገር ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ ፋሲካን ላሊበላ ለማክበር ስሄድ ትልቅ ሻንጣ ይዤ ነበር። መናኸሪያ ላይ የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብሎ ፖርቶመጋላ ላይ ወረወረው፤ እኔም መድኃኒቴ ውስጡ መሆኑን ያስታወስሁት ሸዋ ሮቢት ደርሰን ሙቀቱ ፊቴን ሲገርፈኝ ነው። ሰውን ሁሉ አስወርጄ ሸራ ላስፈታ አልደፈርሁም። ኢንሱሊኑ ሙሉ ቀን በፀሐይ ከጋለ ብረት ጋር ሲበስል ዋለ። ላሊበላ ከደረስሁ በኋላ ብወጋም ብወጋም ስኳሬ ከ300 አልወርድ አለ፤ ብልቃጡን ብርሃን ላይ ይዤ ሳየው፣ በመዳፍ ሲንከባለል ወተት መስሎ እኩል መደፍረስ የነበረበት ፈሳሽ ግድግዳው ላይ ፍርፋሪ አንጠልጥሏል። ሌላ ኢንሱሊን እስኪገኝልኝ ድረስ በዓሉ በውኃ ጥምና በሽንት ምልልስ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ትንሽ ዕቃ የምይዘው ለትከሻዬ ብዬ አይደለም። ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ከሆነ ማንም «ወደ ላይ ይውጣ» አይለኝም። ስለዚህ የወሰድሁት የእህቴ ልጅ የአንደኛ ክፍል የትምህርት ቤት ቦርሳን ነው፤ እዚያ ውስጥ ያልገባ ነገር ሁሉ አይሄድም።

መጀመሪያ የሚገባው መድኃኒቱ ነው። የምጠቀመው ሰባ ሠላሳ የሚባለውን ቅልቅል ኢንሱሊን ሲሆን፣ ጠዋት 24፣ ማታ 14፣ በድምሩ በቀን 38 ዩኒት ነው፤ ለስድስት ቀን 228 ዩኒት ይሆናል። አንድ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ስለሚይዝ አንዱ ብቻ ከበቂ በላይ ነው፤ ሁለተኛውን የምይዘው ብልቃጥ ስለሚሰበር ነው። ሁለቱን አንድ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ ግን አንድ እንደመያዝ ስለሆነ፣ መጠባበቂያው ከአምስት መርፌዎች ጋር በወንድሜ ጃኬት የውስጥ ኪስ ይጓዛል። እኔ 15 መርፌ ያዝሁ። የመለኪያ ወረቀቶቹን ቦታ ለመቆጠብ ወደ ላስቲክ መገልበጥ ያምረኝ ነበር፤ ነገር ግን እርጥበትና ሙቀት ስለሚያበላሻቸው 50ዎቹም በራሳቸው ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ይሄዳሉ። መለኪያው፣ መውጊያው፣ አንዲት ክብ መለዋወጫ ባትሪና ትንሽ ጥጥ ተከተሉ። ያገለገለ መርፌ የምጥልበት ደግሞ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ ነው፤ የሰው ማሳና የተሳላሚ መንገድ ላይ መርፌ መጣል ነውር ነው።

ስኳር የምይዘው የደም ስኳሬ ሲወርድብኝ ለመዋጥ ነው። አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ወደ 4 ግራም ስለሚመጣ አራት አራት ማንኪያ እየሰፈርሁ በላስቲክ ቋጠርሁ፤ ስምንት ቋጠሮ ሆነ። ሦስቱን ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ሁለቱን በቀሚሴ ኪስ፣ የቀሩትን በቦርሳው የውጭ ኪስ አደረግሁ። ከረሜላ አልይዝም፤ እጅ በሚንቀጠቀጥበትና አፍ በሚደርቅበት ሰዓት ላስቲክ መላጥና መምጠጥ ጊዜ ይፈጃል። ከስኳሩ በኋላ የሚበላ በሶና ዳቦ ቆሎም ይዣለሁ።

ለቅዝቃዜው በረዶ አልጠቀምም፤ ኢንሱሊን ከሙቀት ይልቅ በረዶን አይችልም፣ አንዴ ከረጋ ያለቀለት ነው። የአንድ ኩባያ ያህል የምትይዝ ፔርሙዝ አለችኝ፤ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቄ እደፋዋለሁ፣ ብልቃጡን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ እከትበታለሁ፣ ከዚያም ፔርሙዟን ከውጭ በረጠበ ነጠላ ጨርቅ አለብሳታለሁ። ውኃው በነፋስ ሲተን የፔርሙዟን ውጭ ያቀዘቅዛል፤ እናቴ በእንስራ ውኃ የምታቀዘቅዝበት ዘዴ ነው።

ከዚህ በኋላ ለልብስ የተረፈው ቦታ አንድ ቀሚስ፣ የውስጥ ልብስና ሦስት ወፍራም ካልሲ ብቻ ነው። ፎጣው፣ ጥላው፣ ሁለተኛው ጫማና መጽሐፉ ወደ ቁም ሳጥን ተመለሱ። ነጠላዬ ፎጣም፣ ጥላም፣ ትራስም ትሆናለች። ጋቢውን ወንድሜ ይሸከማል፤ ታናሽ ወንድም ለምን ተፈጠረ!

መስከረም 18፣ ዓርብ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ

400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን ደብረ ሲናን ቁልቁል ስንወርድ ጃኬት ይወልቃል፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ መስኮት ይከፈታል። መድኃኒቱ በአንድ ረፋድ ክረምትና በጋ ያያል ማለት ነው። እኔ ግን ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ እንዳደረግሁ ነበርሁ፤ ረዳቱ አንድ ጊዜ እጁን ዘርግቶ ቢመጣም መጠኑን አይቶ አለፈኝ።

ዛሬ የጾም ቀን ነው። ምሳ የት እንደሚቆም ሾፌሩ ብቻ ስለሚያውቅ በመንገድ ላይ የያዝሁት ደንብ አንድ ነው፦ ምግቡን በዓይኔ ሳላየው ጠዋት ከወጋሁት ሌላ አልወጋም፤ ምሳው ቢዘገይ ደግሞ ዳቦ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ። ከሚሴ ላይ ሽሮ በላን።

ከምሳ በፊት የሆነውን ግን መጻፍ አለብኝ። ሮቢት ላይ አጠገቤ የተቀመጠች እናት ለልጇ ሸንኮራ ገዝታ ስትልጥ፣ ቁራጮቹን እኔ ነበርሁ የያዝሁላት። ከሚሴ ደርሰን ስለካ መሣሪያው 301 አለኝ። ልቤ ወደ ላሊበላው ብልቃጥ ሄደ፤ ተጨማሪ ዩኒት ለመሳብ መርፌ አወጣሁ። ወንድሜ «እታለም፣ እጅሽን ታጥበሻል?» አለኝ። አልታጠብሁም ነበር፤ ጣቶቼ እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ነው። በሳሙና ታጥቤ፣ አድርቄ ስለካ 148 ሆነ። ለ301 የሚሆን ኢንሱሊን ወግቼ ቢሆን ኖሮ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ራሴን እስት ነበር። ትንሽ ሳሙና በቦርሳው ውስጥ የሚገባበት ቦታ እንደነበረ አሁን ገባኝ፤ ደሴ ገዛሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሰን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ስንገባ መሽቶ ነበር። አክስቴ ፔርሙዟን ተቀብላ «በይ ይህቺን እኔ ላሳድራት» ብላ ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከበረዶው ቤት ራቅ አድርጋ አኖረቻት።

መስከረም 19፣ ቅዳሜ፣ ሐይቅ

ሐይቅ ለደሴ ቅርብ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል። ወንድሜ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሠረቱትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ሊሳለም ገባ፤ ሴት ስለማይገባ እኔ ከሐይቁ ዳር ጥላ ስር ቆየሁ። የተጠበሰ ቆሮሶ በእንጀራ በላሁ፤ ዓሣ ስኳር አይጨምርም፣ የሚቆጠረው እንጀራው ነው።

ወንድሜ ተመልሶ አጠገቤ ሲቀመጥ የጃኬቱን ኪስ ዳሰስሁ፤ ብልቃጡ ከሰውነቱ ሙቀት የተነሣ ለብ ብሏል። የእኔን በእርጥብ ጨርቅ ስንከባከብ የእርሱን ረስቼው ነበር፤ ትናንት ያንን ሁሉ ቆላ በዚያ ኪስ አልፏል። የነጠላዬን ጥለት ያልነካ ጠርዝ ቀድጄ አርጥቤ ጠቀለልሁለትና ከጃኬቱ ወደ ጎን ቦርሳው አዛወርነው። ማታ አክስቴ ቤት አንድ ዘመዳችን ቀሪቦ ይዘው መጡ። የወሎን ሰው «አልጠጣም» ማለት ቀላል አይደለም፤ አያሰክርም እንጂ ስኳሩ የሚያህለው የለም። አንድ ጊዜ ተጎንጭቼ ብርጭቆውን ለወንድሜ አቀበልሁ፤ እርሳቸውም አይተው እንዳላዩ ሆኑልኝ።

መስከረም 20፣ እሑድ፣ ወደ ግሸን

መኪናው ሞልቶ ተጨናንቆ ነበር፤ የሌላው ተሳላሚ ሻንጣ ሁሉ ፖርቶመጋላ ላይ ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥለን የአምባሰልን ገደላገደል ይዘን ስንሄድ አቧራው በጥርሳችን መሃል ይንኮሻኮሽ ነበር።

ለዛሬው አቀበት አስቀድሜ ተዘጋጅቻለሁ። ዳገት ስኳርን ያወርዳል፤ ስለዚህ ከመነሣቴ በፊት ከሐኪሜ ጋር በተነጋገርነው መሠረት የጠዋቱን መርፌ ከ24 ወደ 18 ዩኒት አወረድሁ። ይህ ልክ የእኔ ነው፤ ሌላው ሰው ከራሱ ሐኪም ይጠይቅ። የወጋሁትም ጭኔን ሳይሆን ሆዴን ነው፤ ጭን ላይ የተወጋ ኢንሱሊን እግር ሲሠራ ቶሎ ወደ ደም ይገባል።

እንደዚያም ሆኖ ወረደብኝ። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ድንጋዩን እየተደገፍን ስንወጣ፣ ከፊቴ የሚሄዱት ሰዎች ነጭ ነጠላ ወንዝ ሆኖ ሲፈስ ታየኝ። መጀመሪያ በመንፈስ የተነካሁ መስሎኝ ነበር፤ ቀጥሎ ከንፈሬ ደነዘዘ፤ ላቤም ቀዘቀዘ። ከመንገዱ ወጥቼ ተቀመጥሁና ለካሁ፤ 61። ከ70 በታች ከሆነ አይጠየቅም። አንዱን ቋጠሮ በጥርሴ ቀድጄ ስኳሩን በውኃ ዋጥሁት፤ ወንድሜ ሰዓቱን ያዘ። እነዚያ 15 ደቂቃዎች ከሁሉ የሚከብዱ ናቸው፤ ሰውነት «ሌላ ጨምር» ይላል፣ ከተጨመረ ደግሞ ማታ 300 ይመጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ 84 ሆነ። በሶውን በጥብጬ ጠጣሁና ተነሣን። ቋጠሮው ቦርሳው ሥር ቢሆን ኖሮ በዚያ እጅ ዚፕ መክፈት እችል እንደነበር እጠራጠራለሁ፤ የቀሚስ ኪስ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

አምባው ላይ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ነገሥታት ዘመዶቻቸውን ለዙፋን እንዳይሻሙ ያግዙበት የነበረው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ግማደ መስቀሉ የተቀመጠበት ይህ ስፍራ ራሱ የመስቀል ቅርጽ አለው ይባላል፤ ከላይ ሆኖ ገደሉን ላየ ሰው አንድ ክንዱ ይታየዋል። ከዚያ በላይ የማየት አቅም አልነበረኝም።

ሌሊቱ ሌላ ፈተና ይዞ መጣ። የቀን ድካም ስኳርን እስከ ማግስቱ ድረስ ሊያወርድ ስለሚችል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስልኬን ቀስቅሺኝ ብዬ ነበር። ስነሣ መለኪያው በቅዝቃዜ ምክንያት የስህተት ምልክት ብቻ ያሳያል። በብብቴ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ሳሞቀው ተመለሰ፤ 78 አለ። ጋቢው ስር ሆኜ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምሁ አደርሁ፤ ድምፁ እንዳይሰማ ማኘኩ ራሱ ሥራ ነው። ኢንሱሊኑንም እንዳይረጋ ከፔርሙዟ አውጥቼ በጋቢውና በልብሴ መካከል አሳደርሁት። ቀን ከሙቀት የሸሸሁለትን መድኃኒት ሌሊት ከብርድ እሸሽለታለሁ።

መስከረም 21፣ ሰኞ፣ በዓሉ

ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ባዶ እግሩን እንዳይሄድ ይመከራል፤ ነርቩ ሲደነዝዝ እሾሁን አይሰማውም፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ሦስቱ ወፍራም ካልሲዎች የተያዙት ለዚህ ነው፤ ሁለቱን ደርቤ ገባሁ። ማታ ማታ በስልኬ መብራት የእግሬን ሥር እያየሁ ነው የምተኛው፤ ዛሬ ከጣቴ ሥር አንዲት ጠጠር የጫረችው መስመር አለች እንጂ ቆዳው አልተቀደደም።

መርፌዬን ወግቼ ሳለ ቅዳሴው ረዘመ። ልቆርብ ባልመጣም በዚያ ሕዝብ መካከል በልቶ መታየት ያሳፍራል። የንስሐ አባቴ «ለታመመ ሰው ጾሙ አይጠናበትም» ብለውኛል፤ ነገር ግን ይህን ለዐሥር ሺህ ሰው አልነግርም። ከግንቡ ጥግ ተቀምጬ በሶዬን ማሸት ስጀምር አንዲት አሮጊት አዩኝ።

«ልጄ፣ ቅዳሴው ሳይወጣ?»

«ስኳር አለብኝ እማማ፤ ተወግቻለሁ፣ ካልበላሁ ይጥለኛል።»

ዝም ብለው አዩኝና የነጠላቸውን ጫፍ ዘርግተው ከፊቴ ጋረዱልኝ። «በይ ቶሎ ብዪ፣ እኔ እቆምልሻለሁ» አሉኝ። የጥለቱ ቀይ ክር ከዓይኔ ፊት እየተወዛወዘ በሶዬን እስክጨርስ ድረስ ክንዳቸውን አላወረዱም። ከዚያ መረቁኝ፤ በሶ አፌን ስለሞላው አሜን ማለቴም አልተሰማ።

ቁልቁለቱ ጉልበት ፈጀ፤ ስኳሬን ግን አልነካውም። ማታ ደሴ ገባን።

መስከረም 22፣ ማክሰኞ፣ ደሴ

ዕረፍት። አይጠየፍ አዳራሽን ከውጭ አየን፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ነው። ልብሴን አጠብሁ፤ አንድ ቀሚስ ብቻ መያዝ የሚያስከፍለው ዋጋ እስኪደርቅ ድረስ የአክስትን ቀሚስ ለብሶ ፒያሳ መውጣት ነው፤ ለእኔ ሁለት ጊዜ ይዞረኛል።

መስከረም 23፣ ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

በመልሱ ጉዞ ያገለገሉት መርፌዎች በሃይላንዱ ውስጥ ይንኳኩ ነበር፤ ክዳኑን በፕላስተር አሽጌ ወደምታከምበት ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ። ቤት ስደርስ ቦርሳውን አልጋዬ ላይ ዘረገፍሁ። ከ50 የመለኪያ ወረቀት 17 ቀርቷል። ከእኔ አምስት የስኳር ቋጠሮዎች ያለቀው አንድ ብቻ ነው፤ የቀሩት ቦርሳው ውስጥ ይቆያሉ። ያልተነካው ነገር የወንድሜ መጠባበቂያ ብልቃጥ መሆኑን ያስታወስሁት ማታ ደውሎ «እታለም፣ ብልቃጥሽ እኔ ጋ ቀረች፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ልጨምራት?» ሲለኝ ነው።

ይጨምራት አልሁት፤ ነገር ግን ከማቀዝቀዣ ከወጣች ስድስት ቀን ሆኗታል፣ ያውም አንድ ሙሉ ቀን በጃኬት ኪስ ቆላ ለቆላ ዞራለች። ከማቀዝቀዣ ውጪ ያለው ዕድሜዋ 28 ቀን ስለሆነ፣ ተመልሳ ብትቀዘቅዝም ያለፈው አይመለስላትም። ስለዚህ ክዳኗ ላይ «መስከረም 18» ብሎ በፕላስተር እንዲለጥፍባትና ነገ እንዲያመጣልኝ ነገርሁት፤ ከጀመርሁት ቀጥሎ የምትከፈተው እርሷ ናት፣ ፍርፋሪ ካላየሁባት።